የመስክ መኪና የፊት መከላከያ ብረት በአገር ቤት ስለ ማሠራት

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማና ከእርሷ ቀጥሎ ባለው በአምባሰል ወረዳ የሚነግድ ሰው፣ ያለ መንገድና ያለ መኪና ንግድ እንደማይሠምር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና አስፋልት ቢሆንም፣ እህሉ ወደሚሰበሰብባቸው የገጠር ቀበሌዎች የሚደረሰው ግን በጠጠርና በጭቃ መንገድ፣ ድንጋይ በበዛበት ዳገትና ቁልቁለት ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚመላለስ የመስክ መኪና አስቀድሞ የሚጎዳው በግንባሩ በኩል ነው። ፋብሪካው የሠራለት የፊት መከላከያ፣ ማለት በጋራዥ ቋንቋ ባምፐር የሚባለው፣ በድንጋይ ይጎብጣል፤ በክረምት ጎርፍ በተቦረቦረ መሻገሪያ ላይ ይነቀላል፤ ወይም ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ በዝገት ያልቃል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ የመለዋወጫ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ ባለ መኪናው ወደ ብየዳ ቤት ሄዶ መከላከያውን በአገር ብረት ለማሠራት ቢያስብ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሥራው በእውነቱ የሚቻል ሥራ ነው። ነገር ግን ሳይታሰብበት የተሠራ መከላከያ መኪናውን ሊያበላሽ፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ነገሮች ማወቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ የመከላከያው ተግባር

ብዙ ሰዎች መከላከያ ሲባል የማይበገር ግንብ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የመከላከያ ዋና ተግባሩ ለምቱ መሸነፍ ነው። መኪናው ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ የግጭቱ ኀይል አንድ ቦታ ላይ ማለቅ አለበት። መከላከያው ተጣሞ ኀይሉን ከጨረሰው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይቀራል። መከላከያው አልጣመም ካለ ግን ኀይሉ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል፤ ሻንሲውም አንድ ጊዜ ከተጣመመ የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ይዛባል፤ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ጎማውም ያለ ጊዜው ያልቃል። የተጣመመ መከላከያን አቃንቶ ለመመለስ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ የተጣመመን ሻንሲ ለማቃናት ግን ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የመሰበር ተራው አስቀድሞ መወሰን አለበት። መጀመሪያ መከላከያው፣ ቀጥሎ መከላከያውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው መያዣ፣ በመጨረሻ ሻንሲው ይሁን። ይህ ተራ የተገለበጠበት መኪና ርካሹን ዕቃ ለማዳን ውዱን ዕቃ የሚሰጥ መኪና ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረውና በኢትዮጵያም ለብዙ ዘመን ያገለገለው ላንድሮቨር ነው። በዚያን ጊዜ ከጦርነቱ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይሰጥ ስለ ነበር የመኪናው አካል ከአሉሚኒየም ተሠራ። የፊት መከላከያው ደግሞ ዚንክ የተቀባ፣ ሦስት ወገን ያለው ቀጥ ያለ የብረት አሸንዳ ነበር፤ በሻንሲው ሁለት ጫፎች ላይ በቡሎን ከመታሰሩ በቀር ሌላ ጥበብ የለበትም። በቀላሉ ይፈታል፣ ይቃናል፣ ተመልሶ ይታሰራል። የአገር ቤት በያጅ ሊመስለው የሚገባው ይህን ቀላል አሠራር ነው።

2ኛ፤ ስለ ክብደት

ብረት በነፃ አይጓዝም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፣ ለመድፉ ሲባል መንገድ መጥረግና ገደል መናድ ግድ ሆኖ ነበር። የዛሬው ባለ መኪና እንዲህ ያለ ድካም ባይኖርበትም፣ በመኪናው ግንባር ላይ ለሚሰቅለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ብረት በነዳጅ፣ በባሌስትራና በጎማ ይከፍላል።

ነጋዴ ሚዛን ያውቃልና ነገሩን በሚዛን ማስረዳት ይቻላል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ከፊት አክስል 90 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን መከላከያ ቢሰቀል፣ የፊት አክስሉ የሚሸከመው ተጨማሪ ክብደት 60 ኪሎ አይደለም፤ 80 ኪሎ ነው። ቀሪው 20 ኪሎ ከየት መጣ ቢባል፣ ከኋላ አክስል ላይ የተነሣ ነው፤ በአንድ ወገን ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ዕቃ ሌላውን ወገን እንደሚያነሣው ማለት ነው። ስለዚህ የፊት ባሌስትራ ይረግባል፣ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ባዶውን በሚሆንበት ጊዜም የኋላ ጎማ መንገድ የመጨበጥ ኀይሉ ይቀንሳል።

የንግዱን ኪሳራም ማሰብ ያስፈልጋል። የሚበቃው መከላከያ ከነመያዣው 20 ኪሎ ያህል ሆኖ ሳለ ባለ 60 ኪሎውን የሰቀለ ነጋዴ፣ መኪናው ሊጭን ከሚገባው በየጉዞው 40 ኪሎ እህል ይተዋል። በ10 ጉዞ 4 ኩንታል ይሆናል።

3ኛ፤ ብረቱን ስለ መምረጥና ስለ መመዘን

የብረት ላሜራ ክብደቱ በስሌት የሚታወቅ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላሜራ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚህ መሠረት አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ 62.8 ኪሎ መመዘን አለበት። ገዢው 4 ሚሊ ነው ተብሎ የተሰጠውን ላሜራ ሚዛን ላይ ቢያወጣውና 55 ኪሎ ብቻ ቢያገኘው፣ የተሸጠለት ባለ 3.5 ሚሊ መሆኑን ያለ ክርክር ያውቃል። ሻጩም ይህን ስሌት አውቆ በእውነተኛው ልክ ቢሸጥ ደንበኛውን አያጣም።

ለመካከለኛ የመስክ መኪና፣ ወርዱ 27 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ላሜራ ተቆርጦ፣ መካከሉ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይና ከታች ያሉት ከንፈሮቹ 6 ሳንቲ ሜትር እንዲሆኑ ከታጠፈ፣ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ክብደቱ 14.4 ኪሎ ይሆናል። ይኸው ዕቃ በባለ 6 ሚሊ ላሜራ ቢሠራ 21.6 ኪሎ ይደርሳል። በላዩ ላይ ለጌጥ ያህል ውፍረቱ 3 ሚሊ፣ የውጭ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ 6 ሜትር ቢበየድበት፣ ቱቦው ብቻውን 25 ኪሎ ይጨምራል።

እንግዲህ አንድ የእህል ነጋዴ መኪናውን ይዞ ወደ ብየዳ ቤት ሄደ እንበል። በያጁ ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት ሲል «ጋሼ፣ ወፍራሙን ላሜራ ላድርግልዎ፤ ዓለት ቢመታ እንኳ አይበገርም» ይለዋል። ነጋዴውም «እርሱ ካልተበገረ የሚበገረው ምኑ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱን ለማግኘት የሻንሲውን ውፍረት በካሊፐር ለክቶ፣ መከላከያውን ከዚያ እጅግ ባልበለጠ ላሜራ ማሠራት ይበቃል።

ወጪ ለመቀነስ አሮጌ ብረት የሚጠቀም ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የነዳጅ ወይም የኬሚካል በርሜል በእሳት መቁረጥ ወይም መበየድ ክልክል ነው፤ ባዶ በሚመስለው በርሜል ውስጥ የቀረው ጋዝ ይፈነዳልና። ዚንክ የተቀባ ቱቦም ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፤ ስለዚህ ዚንኩ ብየዳው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን።

4ኛ፤ ስለ አሠራሩ

ሀ/ ልኬትና ቅርጽ። ብረት ከመቆረጡ በፊት የመከላከያው ቅርጽ በካርቶን ተሠርቶ በመኪናው ላይ ይለካ። መከላከያው የፊት መብራቶችን፣ የአቅጣጫ ምልክቶችንና ታርጋውን እንዳይጋርድ፣ ከመኪናው ወርድ እንዳያልፍ፣ ከቀድሞው መከላከያ በታች እንዳይወርድ ይደረግ። ዝቅ ያለ መከላከያ በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ ሲሻገር አፈሩን ያርሳል።

ለ/ የአየር መግቢያ። ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚወጣው መኪና በጠቅላላው 500 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ጭነት ይዞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዝግታ ዳገት የሚወጣ መኪና ከምንጊዜውም ይልቅ አየር የሚፈልገው በዚያን ጊዜ ነው። በራዲያተሩ ፊት ሰፊ ላሜራ ወይም የተደራረበ ቱቦ የተበየደበት መኪና ሜዳ ላይ ደኅና ሲሄድ ቆይቶ ዳገት ላይ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ፊት ክፍት ይተው።

ሐ/ መያዣው። መከላከያው ከሻንሲው ጋር ፈጽሞ አይበየድ። የብየዳው እሳት የሻንሲውን ብረት በዚያ ቦታ ያደክመዋል፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። መያዣዎቹ ለብቻ ተሠርተው ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች በቡሎን ይታሰሩ። ቡሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን፤ ይህ ቡሎን 4.6 የሚል ቁጥር ካለው ቡሎን ይልቅ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ እጥፍ ነው። ከዳዶው በታች ሮንዴላ ይግባ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም ሁሉም እንደገና ይጠበቅ።

መ/ ብየዳው። ብየዳው ሁሉ ከመኪናው ውጪ ይደረግ። በመኪናው ላይ ነጥብ ብየዳ ማድረግ ግድ ከሆነ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ሽቦ አስቀድሞ ይፈታ፤ የብየዳው መመለሻ ሽቦም በሚበየደው ብረት ላይ፣ ከሥራው አጠገብ ይታሰር። ለባለ 4 ሚሊ ላሜራ ባለ 2.5 ወይም ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል። መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ተይዞ፣ ልኬቱ እንደገና ከታየ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ አንድ ጊዜ ከግራ እያፈራረቁ መበየድ ብረቱ በሙቀት እንዳይቆለመም ይረዳል። ሁለት ጫፉ የሚዘጋ ቱቦ ካለ፣ ከመዘጋቱ በፊት ትንሽ ቀዳዳ ይሰርሰርለት፤ የታፈነ አየር ሲግል ብየዳውን ገፍቶ ይወጣልና።

ሠ/ ማዕዘኑ። የመከላከያው ጫፎች ወደ ኋላ የታጠፉና የከበቡ ይሁኑ፤ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ይለስልስ። ይህ ለውበት የሚደረግ አይደለም፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ረ/ መጎተቻው። የመጎተቻ መንጠቆ በመከላከያው ላይ አይበየድ። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና በሰንሰለት ሲሳብ የተበየደው መንጠቆ ቢነቀል እንደ ጥይት ይወረወራል፤ በአካባቢው የቆመውን ሰው ይገድላል። መንጠቆው ለብቻው በሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰር።

ሰ/ ቀለሙ። ዝገቱና ቅባቱ ከጠፋ በኋላ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ በውስጥም በውጭም ይቀባ። ውሃ እንዳያቁር ከታች በኩል ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይተው።

5ኛ፤ ከበያጁ ጋር ስለሚደረግ ውል

በአምባሰል የምትገኘው ውጫሌ ስሟ በታሪክ የታወቀው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር ስለ ተናገረ ነገሩ እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። የነጋዴና የበያጅ ስምምነት ከዚያ ጋር የሚመዛዘን ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱን ቃል በአንድ ትርጉም ሊያውቁት ይገባል። «ጠንካራ መከላከያ» የሚለው ቃል ለበያጁ ወፍራም ብረት፣ ለነጋዴው ደኅና መኪና ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የላሜራው ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የመከላከያው ርዝመትና ከፍታ፣ ያለቀለት ዕቃ ክብደት ከስንት ኪሎ እንዳይበልጥ፣ የቡሎኑ ቁጥር፣ የቀለሙ ዙር፣ ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን ይጻፍ። ዋጋውን ብረቱን ለብቻ፣ የእጅ ሥራውን ለብቻ አድርጎ መነጋገር ይሻላል። በያጁ በብረት ብዛት የሚከፈለው ከሆነ ብረት ለማብዛት ይፈተናል፤ በእጅ ሥራው ከተከፈለው ግን ሥራውን ያሳምራል።

6ኛ፤ ስለ እግረኛው፣ ስለ ሕጉና ስለ መድኑ

በገበያ ቀን በሐይቅና በውጫሌ በኩል የሚያልፍ ሾፌር መንገዱ የመኪና ብቻ እንዳልሆነ ያያል። እህል የጫነ አህያ፣ ከብት የሚነዳ ገበሬ፣ ሸክም ያዘሉ ሴቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት በአንድ መንገድ ይጓዛሉ። ማዕዘኑ ስለታም የሆነ፣ የማይጎብጥ የብረት መከላከያ በዝግታ በሚሄድ መኪና ላይ ቢሆንም እንኳ የሰውን አጥንት ይሰብራል፤ ከፍ ብሎ የተሠራውም የሕፃን ደረትና ራስ በሚደርስበት ልክ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ በሌላም አገር ያሳሰበ ነው። በአውስትራሊያ ካንጋሮ መንገድ ላይ ስለሚገባ በገጠር የሚጓዙ መኪናዎች ትላልቅ የፊት መከላከያ ይሰቅላሉ። በአውሮፓ ደግሞ ጠንካራው መከላከያ እግረኞችን ስለሚጎዳ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 መከላከያዎቹ ለእግረኛ የሚያሰጉ አለመሆናቸው በፈተና እንዲረጋገጥ የሚያዝዝ መመሪያ አወጣ። የአገር ቤት በያጅ እንዲህ ያለ የፈተና መሣሪያ ባይኖረውም፣ ማዕዘኑን ማክበብ፣ ቁመቱን ከቀድሞው መከላከያ አለማስበለጥና ወፍራም ቱቦ አለመደራረብ በእጁ ነው።

በኢትዮጵያ ማናቸውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግለታል። እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማናቸውም ባለ መኪና በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ አደጋ መድን እንዲገባ ይገደዳል። ስለዚህ መከላከያው ከመሠራቱ በፊት ንድፉን ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አሳይቶ መጠየቅ፣ ለመድን ድርጅቱም በጽሑፍ ማስታወቅ ብልኅነት ነው። ሳይነገር የተለወጠ መኪና አደጋ ባደረሰ ጊዜ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት፣ ማለት ኤርባግ ያለው መኪና ግን ከዚህ ትምህርት ውጪ ነው። ከረጢቱ የሚነፋበት ቅጽበት በፋብሪካው ግንባር አጣመም ተለክቶ የተወሰነ ስለሆነ፣ በእጅ የተሠራ ብረት ሲጨመርበት ጊዜውን ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ላለው መኪና ለእርሱ ተብሎ የተሠራውን መከላከያ ከመግዛት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

7ኛ፤ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች

ይህ ሥራ ለብረት ነጋዴውም የገበያ ምንጭ ነው። በየከተማው ያለው በያጅ ዘወትር የሚፈልጋቸው ዕቃዎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ ልኩ የተረጋገጠ ባለ 3 እና ባለ 4 ሚሊ ላሜራ፣ ቁጥሩ የተቀረጸበት ቡሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ በእርጥበት ያልተበላሸ ኤሌክትሮድ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ የዓይን መከላከያ ጥቁር መስተዋት።

ኤሌክትሮድ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። 7018 የሚል ቁጥር ያለው ዓይነት እርጥበት ከጠጣ ብየዳው በውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ባለ ሱቁ ሣጥኑን በመሬት ላይ ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ፤ የተከፈተውንም ፓኬት እንደ ታሸገው አድርጎ አይሽጥ። በሱቁ ውስጥ አንድ ሚዛንና አንድ ካሊፐር አኑሮ ገዢው ፊት የሚለካ ነጋዴ፣ ዋጋው ከጎረቤቱ ጥቂት ቢበልጥ እንኳ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻም ባለ መኪናው ማስታወስ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የሚበቃ መከላከያ በ80 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው አይበቃውም፤ እንዲበቃው ተደርጎ ቢሠራም ምቱን ለሻንሲው፣ ለተሳፋሪውና ለእግረኛው ያስተላልፈዋል። ሾፌሩ አዲስ ብረት ግንባሩ ላይ ስለተሰቀለለት ፍጥነት እንዳይጨምር አሠሪው መኪናውን ከብየዳ ቤት በሚረከብበት ቀን አጥብቆ ሊነግረው ይገባል።